ካቤን ጨረሱብኝ

ጨርሰው ጠበቁኝ።

ሦስት ወር ሙሉ ድንጋይ እየመረጥኩ፣ እያስቀመጥኩ፣ ደግሞ እያነሳሁ ስሠራው የከረምኩትን ካብ የወንድሜ ጎረቤቶች ደቦ ወጥተው በአንድ ቀን ጨረሱትና ሥሩ ተቀምጠው ጠላ እየጠጡ ጠበቁኝ። የሁሉም ፊት ፈክቷል። ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ ለማየት ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እኔም "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ይህን ለሰው ስነግር ሰው ይስቃል። አብረውኝ የሚያስተምሩት "ታድለህ፤ ለእኛ ማን በመጣልን" አሉኝ። ባለቤቴ "ባሌ ሰው ረዳኝ ብሎ ተናደደ ብዬ ለማን ላውራ?" ብላ አፏን ያዘች። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገር፤ ምናልባት አንድ ሰው ይገባው ይሆናል።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ዘንድሮ መስከረም ላይ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ራሴን አዞረኝና ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ግፊቴን የለካችው ባለሙያ ዕድሜዋ ተማሪዬ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት። መለኪያውን አይታ ከንፈሯን መጠጠች፤ ክኒኑን ጻፈችልኝ፤ ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና "መምህር፣ ከሥራ ውጭ ደስ የሚልዎት ነገር ምንድን ነው?" አለችኝ።

"መጽሐፍ ማንበብና ኳስ ማየት" አልኳት፣ ሳላስብ።

ሳላስብ ያልኩት በእውነት ሳላስብ ስለሆነ ነው። ስድስተኛ ክፍል እያለን የእንግሊዝኛ መምህራችን "ሆቢህ ምንድን ነው?" ለሚለው ጥያቄ መልሱን ሰሌዳ ላይ ጽፎ አስገልብጦናል፤ መጽሐፍ ማንበብ፣ እግር ኳስ መመልከት። ሰባ ልጆች ነበርን፤ ሰባችንም አንድ ዓይነት ሆቢ ነበረን። ሥራ ስፈልግም ማመልከቻዬ መጨረሻ ላይ ያንኑ ጻፍኩ። ልጄ ለትምህርት ቤት ቅጽ ስትሞላ ያንኑ ስትጽፍ አይቻታለሁ።

"በቅርቡ ምን አነበቡ?" አለችኝ ልጅቷ።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ሒሳብ ብላት ትስቅብኛለች ብዬ ወደ መለኪያው ዞርኩ።

"ኳሱስ?"

"ኳሱን ሳይ ግፊቴ የሚጨምር ይመስለኛል።"

አልሳቀችም። "አንድ ለራስዎ ብለው የሚሠሩት ነገር ይፈልጉ። ለልጆች ያልሆነ፣ ለደመወዝም ያልሆነ" አለችኝ። እንደ ምን ያለ ብዬ ብጠይቃት "እሱን እኔ አላውቅልዎትም" ብላ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራች። ተናድጄ ወጣሁ። ክኒን የሰጠ ሰው አወሳሰዱንም ይናገራል።

እንደታዘዝኩት ፈለግሁ። መጀመሪያ ከሦስት መምህራን ጋር የጠዋት እርምጃ ያዝኩ። የደብረ ማርቆስ የጠዋት ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፤ እሱስ ባልከፋ፤ ወሬው ግን ስለ ዝውውር፣ ስለ እድገትና ስለ ርእሰ መምህሩ ነው። ስብሰባውን በእግራችን አደረግነው እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር አልነበረም። በአራተኛው ቀን ቀረሁ። ቀጥሎ ከባዮሎጂው መምህር ጋር ቼዝ ጀመርኩ። ጥሩ ሰው ነው፤ ሲሸነፍ ግን ሳምንት ሙሉ አያናግርም፣ ሲያሸንፍ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ያናግራል። ከዚያ ክራር ገዝቼ ከስልክ ላይ ልማር አልኩ፤ ኔትወርክ ጠፋ። ሲመለስ ልጄ "አባዬ፣ እባክህ ፈተና አለብኝ" አለችኝ። ክራሩ አሁንም ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴ አቧራውን ስትወለውል ድምፅ ያወጣል፤ ከእኔ እሷ ትሻላለች።

በዚህ ዕድሜ ደስ የሚል ነገር መፈለግ ራሱ ያበሳጫል። ልጅ ሳለሁ ማንም ፈልግ ብሎኝ አያውቅም፤ ከቤት ከወጣሁ እዚያው ደጅ አገኘው ነበር። አሁን ግን ከመጀመሬ በፊት ስንት ሰዓት ይወስዳል፣ ምን ይጠቅማል፣ ሰው ቢያየኝስ ምን ይላል እያልኩ አሰላለሁ። ሒሳብ መምህር መሆኔም ሳይብስብኝ አልቀረም።

ያገኘሁት መፈለግ ካቆምኩ በኋላ ነው። ታላቅ ወንድሜ ወደ ይጁቤ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ያህል ርቆ ይኖራል። ወንድም ጋሼ ነው የምለው፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲያርፍ ትምህርቱን ትቶ እርሻውን የያዘው እሱ ነው፤ እኔ የተማርኩት በእሱ ጉልበት ነው። ጥቅምት ላይ ዝክር ነበረውና ቤተሰቤን ይዤ ሄድኩ። ምሳ ተበልቶ ሰው ወሬውን ሲጀምር ወደ ጓሮ ዞርኩ። እዚያ ጌሾው ዙሪያ አባታችን በባዶ ድንጋይ፣ ያለ ጭቃ ያለ ሲሚንቶ የካበው ካብ አለ። ግማሹ ከፈረሰ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ ወንድሜ ክፍተቱን በእሾህ ደፍኖታል።

አንድ ድንጋይ አነሳሁ። ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም። የፈረሰው ጫፍ ላይ ባስቀምጠው ተንገዳገደ። ባዞረው ተንገዳገደ። ገልብጬ ሳስቀምጠው ግን ቀጭ ብሎ ተቀመጠ፤ ብገፋውም አልነቃነቅ አለ። ሌላ አነሳሁ። ድንጋይ ፊት እንዳለው፣ ፊቱን ወደ ውጭ ካላደረጉት እንደማይቀመጥ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። የወንድሜ ሚስት መጥታ "ኧረ ዛሬ በዓል ነው፤ ምን ሁነህ ነው ድንጋይ የምታነሳ?" ስትለኝ ቀና ብዬ ፀሐይዋን አየሁ። ሁለት ሰዓት ሊሆነኝ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ልጄ ፈተና፣ ስለ ግፊቴም አላሰብኩም። ወደ ከተማ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሚኒባስ ውስጥ ተኝቼ አላውቅም።

እንግዲህ ይኸ ነው አልኩ። ሆቢዬ ካብ ነው።

ቀላል ይመስላል፤ አልነበረም። እኔ ነፃ የምሆነው ቅዳሜና እሑድ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጃኬቴን አውልቄ ልጀምር ስል ወንድሜ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። "ሰንበት ነው" አለ። "እዚህ አገር ቅዳሜ ድንጋይ አይነሳም። ነገ በረዶ ቢጥል በአንተ ነው የሚሳበብ።" ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ የሌለኝን ማክሰኞንና ሐሙስን ያዝኩ። አንዳንዴ ግን ማክሰኞ ሚካኤል ላይ ይውላል፤ ሐሙስ ማርያም ላይ። ደግሞም መንገዱ የሚዘጋባቸው ሳምንታት አሉ። ከጥቅምት እስከ ጥር የሠራሁባቸው ቀኖች ተለቅመው አሥራ አምስት አይሞሉም። ካቡም አራት ክንድ ያህል ነበር። አራት ክንድ ግን የእኔ ነበር። እያንዳንዱን ድንጋይ አውቀው ነበር፤ አንዱ ግራጫ፣ በጎኑ ስንጥቅ ያለበት፣ ሦስት ማክሰኞ ሙሉ ቦታ ያጣሁለት ነው።

ቀጥሎ የሰው ጥያቄ መጣ። ስታፍ ውስጥ "በግ ልታረባ ነው?" አሉኝ። አይደለም ስላቸው ደበቀን ብለው ተቀየሙ። የሚኒባሱ ረዳት "ቤት እየሠራህ ነው መሰል" አለኝ። ባለቤቴ እንግዳ ሲመጣ "ድንጋዩ ጋ ሄዷል" ትላለች፣ ስለ አንድ የታመመ ዘመድ እንደምታወራ። "ደስ ስለሚለኝ ነው" ማለት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለ። ልጆች ያሉት፣ ክራቫት የሚያስር ሰው ድንጋይ መደርደር ደስ ይለኛል ብሎ እንዴት ይናገራል? "ለጤናዬ ነው" እል ነበር፤ ለጤና ከሆነ ሰው ይፈቅዳል።

ከሁሉም ያበሳጨኝ ግን አላፊ አግዳሚው ነው። በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው የሚሠራ ሰው አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። "ያበርታህ መምህር" ይላል፤ በትሩን ያጋድማል፤ ሁለት ሦስት ትልልቅ ድንጋይ አንስቶ ካቤ ላይ ይጭንልኛል፤ "በርታ" ብሎ ይሄዳል። ሳልመርጠው፣ ሳላገላብጠው። ዓይኔ እያየ ማክሰኞዬን ይበላብኛል። ሰውየው ከጉብታው ወዲያ እስኪሰወር ጠብቄ፣ ግራ ቀኝ አይቼ፣ የጫነውን አወርደው ነበር። እንደ ሌባ።

ወንድሜ በሬዎቹን ሲነዳ በዚያ በኩል ያልፋል። ቆም ብሎ ያያል። አንድም ቀን ምን እየሠራህ ነው ብሎኝ አያውቅም። እኔም ከሁሉም ይልቅ ስለገባው ነው ብዬ በልቤ አመሰግነው ነበር።

ጥር መጨረሻ ላይ የግማሽ ዓመት ፈተና ሳርም ሁለት ሳምንት ቀረሁ። ወረቀት ሳርም ያ ግራጫ ድንጋይ ይታየኝ ነበር፤ ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣም አውቀው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ወንድሜ ራሱ ደውሎ "ዛሬ እንዳትቀር" አለኝ። ሄድኩ።

ካቡ ቆሟል። ጌሾውን ዞሮ፣ በሩ ድረስ፣ ከሰው ወገብ በላይ ከፍ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከሃያ የማያንሱ ሰዎች ተቀምጠዋል። ጠላው ተቀድቷል፤ ንፍሮው በሰፌድ ቀርቧል። የእኔን አራት ክንድ በዓይኔ ፈለግሁት። አጣሁት።

"እዚህ የነበረውስ?" አልኩ።

አንድ ጎረምሳ፣ ጉልበቱ እንደ በሬ የሆነ፣ እየሳቀ መለሰልኝ። "ያንተዋ ሆዷ ወጥቶ ልትናድ ነበር፣ መምህር። አፍርሰን አስተካከልናት።"

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነሡ፤ ሁሉም አብሮ ተነሣ። መረቁኝ። "ያሳደግኸው ይደግልህ፤ ዘመድ አያሳጣህ፤ የጀመርኸውን ሁሉ ሰው ይጨርስልህ" አሉኝ። እኔም እጄን ዘርግቼ አሜን አልኩ። ሦስት ጊዜ አሜን አልኩ። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ያየኛል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ኮርቷል። እንደዚያ ኮርቶ ያየሁት ዲግሪዬን ስቀበል ብቻ ነው። እንዴት ልናደድበት? ተናደድኩበት። እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ ጥርሴን ነክሼ ነው የሄድኩት። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ቀጠሮ ነበረኝና ልጅቷ ለክታኝ "ወርዶልዎት ነበር እኮ፤ ምን ገጠመዎት?" አለችኝ። "ሰው ረዳኝ" አልኳት።

ሐሙስ ተመልሼ ሄድኩ። ማንንም ሳላናግር ወደ ጓሮ ዞርኩና ካቡን ከጥጉ ማውረድ ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራቱን ክንድ ብቻ ነው የምፈልገው፤ የቀረውን ይውሰዱት። ዐሥር ድንጋይ ያህል እንዳወረድኩ ወንድሜ ደረሰ። በሕይወቴ ጮኾብኝ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልጮኸም። እጄን ያዘኝ።

"የሰው ጉልበት ነው የምታፈርሰው" አለ። "እነዚህ ሰዎች ውቂያቸውን አቁመው ነው የመጡልኝ። ነገ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?"

"ማን ጥራቸው አለህ፣ ወንድም ጋሼ? ማን አስቸገረህ?"

"አንተ!" አለኝ። "ሦስት ወር ሙሉ በከተማ ልብስህ እየመጣህ በሰው ፊት ድንጋይ ስትሸከም ምን ልበል? ሰው ምን እንደሚል ታውቃለህ? የአባቱ ካብ ወድቆ ቢያየው አንጀቱ አልችል አለው፤ ያሳደገው ወንድሙ አቅቶታል ነው የሚሉ። ደግሞ ሰው የካበልህን ስታወርድ አይቻለሁ። በስተጀርባ ቁሜ አይቻለሁ። ተቀይሞኛል፣ ሊነግረኝ አልፈለገም አልሁ። ጠላ ጠምቄ፣ አገር ለምኜ አስጨረስሁልህ። አሁንም ታፈርሳለህ። ምን በደልሁህ?"

ለካስ ያ ሁሉ ዝምታው መረዳት አልነበረም። ሦስት ወር እኔ ስደሰት እሱ ሲያፍር ከርሟል። ያን ጊዜ የምለው ሰበብ ሁሉ ጠፋኝና እውነቱን ተናገርኩ።

"ደስ ስለሚለኝ ነው" አልኩት።

"ምኑ?"

"ድንጋዩ። መካቡ። ማለቁ አይደለም፤ መካቡ። ቢያልቅ አዝን ነበር። ሌላ ምክንያት የለውም።"

እጄን ለቀቀኝ። እያሾፍኩ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን ብዙ አየው። እኔም ጆሮዬ ድረስ ቀልቼ ቆምኩ፤ ተማሪ ሳለሁ ስሳሳት እንኳ እንደዚያ አላፍርም ነበር።

"እሽ" አለ በመጨረሻ። "ለምን አላልኸኝም?" ጎንበስ ብሎ ያወረድኳቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ መለሳቸው። ከእኔ ይልቅ ፈጣን ነው፤ እያንዳንዱን አንዴ ብቻ ነው የሚያዞረው። ጨርሶ "ይኸን አትንካ። ከታች፣ ከማሳው ዳር ጎርፍ ያፈረሰው እርከን አለ። ለማንም አይረባም። እሱን ውሰድ" አለኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ጀመርኩት። ብቻዬን የምሆን መስሎኝ ነበር። ወንድሜ ጋቢውን ተከናንቦ መጥቶ ዳር ላይ ተቀመጠ። እንዳይረዳኝ ሁለት እጁን ጋቢው ውስጥ ቀብሯል። መጥፎ ድንጋይ ሳነሳ ይስላል። ደህና ሳነሳ ዝም ይላል። በዝምታ ለመሥራት ከከተማ ግማሽ ሰዓት የመጣሁ ሰው በሳል እየተመራሁ ሠራሁ። እርር አልኩ፤ ግን ሂድ አይባልም፣ መሬቱ የእሱ ነው።

አንድ መንገደኛ ከላይ ቆሞ "ያበርታህ መምህር፤ ልምጣ?" አለ።

ወንድሜ ፈጥኖ መለሰለት። "ተወው። እየተጫወተ ነው።"

ሰውየው ግራ ገብቶት ሄደ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በአገሩ ሁሉ ፊት እየተጫወተ ነው ተባልኩ። ልናደድ አስቤ ነበር። ግን ሌላ ቃል ብፈልግለት አጣሁ። ሥራዬን ቀጠልኩ።

አንድ ረድፍ እንደጨረስኩ ወንድሜ "እኔስ ብጫወት ምን እጫወት ይመስልሃል?" አለኝ።

የቀለደ መስሎኝ ዞር አልኩ። ወደ ማሳው ነው የሚያየው።

"በሬዎቹ ውሃ ሲጠጡ ማየት ደስ ይለኛል" አለ። "ዝም ብሎ ማየት። ግን እሱ ሥራ ነው፤ አይቆጠርም፣ አይደል?"

ጤና ጣቢያ የነበረችውን ልጅ አስታወስኩ፤ እሷም "እሱን እኔ አላውቅልዎትም" ብላኝ ነበር። ድንጋዩን እንደያዝኩ "ከመቼ ጀምሮ ነው ይኸን የምታስበው?" አልኩት።

"አሁን ነው ያሰብሁት" አለ። "ከዚህ በፊት ማን ጠይቆኝ ያውቃል?"

እኔም ጠይቄው አላውቅም።